የጫኔ ጆሮና የአያ ጅቦ ግራሶ

አንድ ጊዜ፣ የዱር አራዊት «እኛስ ከማን እናንሳለን!» ብለው ፋብሪካ መትከል በጀመሩበት ዘመን፣ ጌታ አንበሳ በወንዝ ዳር የኑግ ዘይት መጭመቂያ አቆመ። ፋብሪካው ለዓይን ያምር ነበር። ግድግዳው በየዓመቱ ቀለም ይቀባል፣ በሩ ላይ የባለቤቱ ምስል ተሰቅሏል፤ የባለቤቱ ቢሮ ደግሞ ፎቅ ላይ ሆኖ ሰፊ መስኮት ነበረው። መስኮቱ የሚያሳየው ወንዙን ነው። ማሽኑን አያሳይም፤ ማሽን ደግሞ ምኑ ይታያል?

ከታች በአዳራሹ መካከል የሦስት ጎሽ ክብደት ያለው የብረት መዘውር ይዞራል። የቦይለሩ እንፋሎት መዘውሩን ያዞረዋል፣ መዘውሩ ደግሞ መጭመቂያውን። ይህን ሁሉ ክብደት የተሸከመው አንድ ረጅም የብረት ዘንግ ሲሆን፣ ዘንጉ ግራና ቀኝ በሁለት ኩሽኔታዎች ላይ ተቀምጦ ይሽከረከራል። ኩሽኔታ ያለ ቅባት እንደማይኖር መቼም ለማንም አይነገርም። ቅባቱን ሠራተኞቹ ግራሶ ይሉታል፤ በዚያ ፋብሪካ የሚሠራውም ከቀለጠ የበሬ ሞራ ነበር። በየሳምንቱ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ይመጣል፤ ጠዋትና ማታ ለኩሽኔታዎቹ ይቀባል።

ከመዘውሩ ሥር፣ ልክ ከሥሩ፣ ጫኔ የሚባል አህያ ይቆም ነበር። ሥራው ኑግ በጆንያ ተሸክሞ እያመጣ ወደ መጭመቂያው አፍ መገልበጥ ነው። ጫኔ መጻፍም ማንበብም አይችልም። ጆሮ ግን ነበረው። በየማለዳው ማሽኑ እንደተነሣ ከኩሽኔታው ቤት ላይ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣል፤ ድምፁ ልስልስ ያለ እንደሆነ «ደህና አድሯል» ብሎ ወደ ጆንያው ይሄዳል። ይህን ልማድ የወረሰው በወፍጮ ቤት ሲሠራ ከኖረው አባቱ ነው። አባቱ አርጅቶ፣ ጥርሱ ረግፎ ሞተ። የማያዳምጡት የአባቱ ባልደረቦች ግን ለእርጅና አልበቁም።

እንግዲህ የግራሶውን ቆርቆሮ የሚይዝ ሹም ተፈለገ። ጌታ አንበሳ አሰበ፣ አወጣ አወረደ፣ ከአራዊት ሁሉ አበጥሮ መረጠና ማንን ሾመ? ጅብን! የሞራ ቆርቆሮ ለጅብ! እንዲህ ያለ ምርጫ ያለ ብዙ ምክክር አይገኝም።

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባላል። አያ ጅቦም ከሩቅ አገር የመጣ የማሽን አዋቂ ነኝ ብሎ ነበር ደጅ የጠናው።

«ኩሽኔታ ታውቃለህ?» ሲል ጠየቀው ጌታ አንበሳ።

«ኩሽኔታ? ጌታዬ፣ ስንቱን ጨርሻለሁ!»

«ግራሶስ?»

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «ግራሶን እንደ እኔ የሚወድ ሹም ዓለምን ቢዞሩ አያገኙም» አለ። በዚያ ቀን ከአፉ የወጣው እውነት ይኸው ብቻ ነው።

ወዲያው «የቅባትና የደህንነት ዋና ሹም» ተባለ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጣት ለኩሽኔታው፣ አንድ ጣት ለራሱ እያለ ሠራ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጣት ለኩሽኔታው፣ አንድ መዳፍ ለራሱ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ኩሽኔታውን ቀና ብሎ አየና «አንተማ ባለፈው በልተሃል» ብሎት አለፈ።

የፋብሪካው ተቆጣጣሪ እመት ቀበሮ ነበረች። ሥራዋ ኩሽኔታዎቹ መቀባታቸውን በየቀኑ በዓይኗ አይታ መዝገብ ላይ «ተቀብቷል» ብሎ መጻፍ ነው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ወደ ዕቃ ቤት ጎራ ብትል፣ አያ ጅቦ እስከ አንገቱ ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ አገኘችው።

«አያ ጅቦ፣ ጭንቅላትህ እዚያ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«የግራሶውን ጥራት እየመረመርኩ ነው» አለ ከቆርቆሮው ውስጥ።

«እንዴት ነው ታዲያ ጥራቱ?»

«ጨው ይጎድለዋል።»

እመት ቀበሮ አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። በሩን ዝግት አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች። «ስማኝ ወንድሜ፣ እኔ የምቆጣጠረው መዝገቡን ነው። መዝገቡ ተቀብቷል ካለ ተቀብቷል። ይህን የሚያህል ቆርቆሮ ብቻህን መመርመር ግን ይከብድሃል። ግማሹን እኔ ልመርምርልህ» አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የፋብሪካው ግራሶ በሁለት መርማሪዎች ይመረመር ጀመር። አያ ጅቦ ወፈረ። እመት ቀበሮ ወፈረች። መዝገቡም «ተቀብቷል፣ ተቀብቷል» እየተባለ ሲጻፍበት ወፈረ። በግቢው ውስጥ ሳይወፍሩ የቀሩት ኩሽኔታውና ጫኔ ነበሩ።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ ጫኔ እንደ ልማዱ ጆሮውን ከግራው ኩሽኔታ ላይ ለጠፈ። ከውስጥ «ሲጢጥ፣ ሲጢጥ» የሚል ድምፅ ሰማ። ክው አለ። አባቱ «ይህን ድምፅ የሰማህ ቀን ጆንያህን ጣልና ተናገር» ብሎት ነበርና ጆንያውን ጥሎ ወደ አያ ጅቦ ሮጠ።

«አያ ጅቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የግራው ኩሽኔታ ይጮኻል። ቅባት የደረቀበት ይመስለኛል።»

አያ ጅቦ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ «ይጮኻል? እሰይ!» አለ። «የታመመ ነገር ዝም ነው የሚለው። እኔ ራሴ የምጮኸው ስጠግብ ነው።»

«እኔ ግን የምቆመው ከሥሩ ነው። ከተሰበረ መዘውሩ የሚወርደው በጀርባዬ ላይ ነው እኮ!»

«እድለኛ ነሃ! ሌላው ዘፈኑን ከሩቅ ይሰማል፣ አንተ ካጠገቡ።»

ጫኔ ከዚህ ሹም መፍትሔ እንደማይገኝ ገባውና ወደ እመት ቀበሮ ሄደ። እሷ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ተቀበለችው፤ ቀበሮ ከመቀመጫዋ ስትነሣልህ መፍራት እንዳለብህ ጫኔ አያውቅም ነበር።

«አቤቱታ በጽሑፍ ነው የሚቀርበው፣ ጫኔ።»

«መጻፍ አልችልም፣ እመቴ።»

«እኔ ምን ልሠራ ተቀመጥኩ? አንተ ተናገር፣ እኔ ልጻፍልህ።»

ጫኔ የሆዱን ሁሉ ተናገረ። እመት ቀበሮም ጻፈች። ሲጨርስ ኮቴውን ቀለም አስነክራ ከወረቀቱ ግርጌ አስረገጠችው። ወረቀቱ የሚለው «ሠራተኛ ጫኔ የማሽኑ ዜማ እጅግ እንደሚያስደስተው በታላቅ አክብሮት ይገልጻል» ነው።

ሦስት ቀን ቢጠብቅ ለውጥ የለም። ሲጢጥታው ግን እየባሰ ሄደ። በአራተኛው ቀን ጫኔ በሕይወቱ ረግጦት የማያውቀውን የፎቅ ደረጃ ወጣ። ጌታ አንበሳ በመስኮቱ ወንዙን ያያል፤ አያ ጅቦና እመት ቀበሮ ግራና ቀኝ ቆመዋል።

«ና ጫኔ! በዜማው ተደስተሃል አሉኝ፤ ደብዳቤህ ደርሶኛል» አለ ጌታ አንበሳ።

«ኧረ ጌታዬ፣ ፈርቻለሁ እንጂ የምን መደሰት! ኩሽኔታው ደርቋል። ማሽኑ ለግማሽ ቀን ይቁምና ይታይ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ጌታዬ።»

«ይቁም?» አለ ጌታ አንበሳ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ያልቆመ ፋብሪካ ብሎ ለጎረቤት ነብር ሊፎክር ሁለት ወር ብቻ ነበር የቀረው።

ይህን ጊዜ እመት ቀበሮ ጎንበስ አለች። «ጌታዬ፣ ችግሩ ከማሽኑ አይደለም፤ ከጆሮው ነው። ይመልከቱት እስቲ! ይህን የሚያህል ጆሮ ተሸክሞ ምን የማይሰማው ነገር አለ? ድምፅ ደግሞ ለሠራተኛ ጤና ጠንቅ ነው። ለዚህ ምስኪን የጆሮ መከላከያ ያስፈልጋል።»

ጌታ አንበሳ በራሱ ደግነት ልቡ ተነካ። ጥጥ አስመጣ፤ በገዛ እጁ የጫኔን ሁለት ጆሮዎች እስከ ውስጥ ድረስ ጠቀጠቃቸው፤ በላዩም በጨርቅ አሰረው። «ከእንግዲህ የሚያስፈራህ ነገር አትሰማም» አለው በአባትነት ድምፅ።

«አሁንስ ይጮኻል?» አለ አያ ጅቦ።

«ምን አሉኝ?» አለ ጫኔ።

«ጩኸቱ ቆሟል ይላል» አለችና እመት ቀበሮ መዝገቡ ላይ አሰፈረችው። መከላከያውን ያወለቀ ከሥራ ይባረራል የሚል ደንብም በዚያው ቀን ወጣ።

ጫኔ በዚያ ቀን አለቀሰ። አባቱ ያወረሰው ያንኑ ጆሮ ነበር፤ እሱንም ለደህንነቱ ሲሉ ወሰዱበት። ማታ ሰፈር ገብቶ ለአህያ ወገኖቹ ቢነግራቸው፣ በምልክትም በጩኸትም «ዝም ብለህ ገለባህን ብላ» ብለው መከሩት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የተባለው በከንቱ አይደለም። ጫኔም ገለባ ከዚያ ፋብሪካ በቀር የሚያገኝበት ስላልነበረው፣ በማግስቱ ተመልሶ ከማይሰማው መዘውር ሥር ቆመ።

ሁለቱ ወር አለፈና የደህንነት ቀን ደረሰ። መቼም የደህንነት ቀን ተብሎ ያልተሠራ ሥራ የለም። አዳራሹ ታጠበ። አበባ ተሰቀለ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ አረንጓዴ ጨርቅ ተሰፋና «ከሁሉ በፊት ደህንነት!» የሚል ተጻፈበት። ጨርቁ የሚሰቀልበት ቦታ ሲፈለግ፣ ያማረው ግድግዳ ከመዘውሩ ጎን፣ ማሽኑን በአደጋ ጊዜ የሚያቆመው ቀይ እጀታ ያለበት ሆኖ ተገኘ።

«እጀታው ይሸፈናል እኮ» አለ ጨርቁን የሚሰቅለው ዝንጀሮ።

«ይሸፈና! ቀይ ከአረንጓዴ ጋር አይሄድም። ደግሞ ዓመት ሙሉ ማን ነካው?» አለችው እመት ቀበሮ። ዝንጀሮውም እውነት ነው ብሎ ሚስማሩን መታ።

የጌታ አንበሳ ወንበርስ የት ይሁን? ፎቶ አንሺዋ ጦጣ ዓይኗን ጨፍና ከፍታ፣ «ከመዘውሩ ሥር ሲሆን ግርማ አለው» አለች። ወንበሩ ጫኔ ከሚቆምበት አንድ ክንድ እልፍ ብሎ ተቀመጠ። ጫኔ ለፎቶው ድምቀት ኑጉን እየገለበጠ ሥራውን እንዲቀጥል ታዘዘ።

አዳራሹ ሞላ። ጌታ አንበሳ ተነሣ። «ይህ ፋብሪካ» አለ፣ «ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልቆመም! ይህንን ላደረገው ለአያ ጅቦ ዛሬ ኒሻን እሸልማለሁ!» ጭብጨባው ቤቱን አናጋው። ቢያንስ ሁሉም ቤቱ የተናጋው በጭብጨባ መስሏቸው ነበር።

ጫኔ ንግግሩንም ጭብጨባውንም አልሰማም። ኮቴው ግን አልተጠቀጠቀም። ወለሉ ከሥሩ ሲንቀጠቀጥ፣ እንደ ወትሮው ሳይሆን እየዘለለ ሲንቀጠቀጥ፣ እስከ ጉልበቱ ተሰማው። የጋለ ብረት ሽታ አፍንጫውን መታው። ቀና ሲል ከግራው ኩሽኔታ ቀጭን ጭስ ይወጣል። እግሬ አውጪኝ ቢል በሩ ቅርብ ነበር። ጌታው ግን ከመዘውሩ ሥር ቆሞ ስለ ደህንነት ያወራል፤ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ የተቀመጡት ደግሞ የጥንቸል ልጆች ናቸው፣ መዝሙር ሊዘምሩ የመጡ።

ጫኔ አናፋ። እስከ ወንዙ ማዶ የሚሰማ ማናፋት አናፋ።

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አፈጠጠበት። ጌታ ሲናገር ማን ያናፋል? «ባለጌ!» አለ አያ ጅቦ። «ጌታዬ፣ በደስታ ነው፤ እንዳይቀየሙት» አለች እመት ቀበሮ። ጭሱን ያዩ ጥቂት እንግዶችም ነበሩ፤ ነገር ግን በሰው ድግስ ላይ «ቤታችሁ ይጨሳል» ማለት ነውር ነውና ዓይናቸውን ወደ አበባው መለሱ።

ጫኔ ጆንያውን ወርውሮ ወደ ግድግዳው ሮጠ። እጀታው የት እንደነበር ያውቃል። አረንጓዴውን ጨርቅ በጥርሱ ነክሶ ከላይ እስከ ታች ተረተረው።

«ኧረ ደህንነታችንን ቀደደው!» ብሎ ሕዝቡ ጮኸ።

አያ ጅቦ ተስፈንጥሮ የጫኔን ጭራ ነከሰ። ጫኔ ባለ በሌለ ኃይሉ እየጎተተ፣ በወዲያ ጫፍ ጅብ እንደተንጠለጠለበት፣ ቀዩን እጀታ በጥርሱ ያዘና ወደ ታች ሳበው። እንፋሎቱ ፉሽ ብሎ ተቋረጠ። መዘውሩ ማቃሰት፣ መዘግየት፣ መንፏቀቅ ጀመረ። ያን ጊዜ ግራው ኩሽኔታ ጓ ብሎ ፈነዳ። ዘንጉ ጎበጠ፤ መዘውሩም ጫኔ ዓመት ሙሉ በቆመባት ቦታ ላይ ወርዶ ወለሉን ሰነጠቀው። ጉልበቱ ግን አልቆ ነበርና ወደ ጥንቸሎቹ ሳይደርስ ተንከባለለ፤ በመንገዱ የአያ ጅቦን የኋላ እግር ረገጠ፤ የጌታ አንበሳን የጭራ ጫፍ ከሥሩ አድርጎ ከወንበሩ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። አያ ጅቦ እስከ ዛሬ ሲራመድ የሚያነክሰው በዚህ ምክንያት ነው ይላሉ።

ጌታ አንበሳ ጭራውን ከመዘውሩ ሥር መንጭቆ አወጣ። «ጫኔ!» አለ፣ «ምነው ሳትነግረኝ?»

ጫኔ መናገሩን ከአፉ አየ እንጂ አልሰማም። ቀስ ብሎ ጨርቁን ፈታ፣ ጥጡን ከአንዱ ጆሮ፣ ከዚያም ከሌላው አወጣ። «ምን አሉኝ ጌታዬ?»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነገርኩዎት እኮ። እርስዎ በገዛ እጅዎ ጆሮዬን ደፈኑልኝ።»

የተሰበረው ኩሽኔታ ሲፈተሽ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። የግራሶው ቆርቆሮ ሲፈተሽ ውስጡ በምላስ ተወልውሎ መስተዋት መስሏል። አያ ጅቦ ይህን ሲያይ እያነከሰ ሾለከ። የበር ጠባቂው ውሻም፣ ጅቡ ከኮረብታው ወዲያ ማለፉን በሚገባ ካረጋገጠ በኋላ፣ በታላቅ ጀግንነት ጮኸ።

እመት ቀበሮ ግን አልሸሸችም። የምርመራ ኮሚቴ አቋቋመች፣ ራሷ ሰብሳቢ ሆነች፣ በሳምንቱ አርባ ገጽ ይዛ ቀረበች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ እሷ ግን የምትፈራው አህያ አልነበረምና በቀጥታ ጻፈችው፦ «የአደጋው መንስኤ ሠራተኛ ጫኔ ጨርቁን በድንገት በመቅደዱ ማሽኑ መደንገጡ ነው።» ጌታ አንበሳ ከልማዱ የተነሣ ብዕሩን አንሥቶ ሊፈርም ነበር። ልክ ጎንበስ ሲል ጭራውን አመመው። ብዕሩን አስቀመጠና ቀበሮዋን ከአርባ ገጿ ጋር በፎቁ ደረጃ አንከባለላት።

ከዚያም ማሽኑ ከተሰበረ ወዲህ ሰፈሩ የቀረው ጫኔ ተፈልጎ መጣ። ጌታ አንበሳ ኒሻኑን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ። «ይህ ለአንተ ነው። ፋብሪካውን ጠግነን እንደገና እናስነሣለን፣ ተመለስልኝ። ገብስ ትፈልጋለህ? አዲስ በረት?»

«ኒሻኑ አይበላም፣ ጌታዬ። ገብሱን እግዜር ይስጥልኝ። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ያ ለፎቶው ያስቀመጡት ወንበር እዚያው ይቅር።»

«ከመዘውሩ ሥር?»

«ከመዘውሩ ሥር። ቢሮዎም ወርዶ እዚያው ይሁን።»

ጌታ አንበሳ ተቁነጠነጠ። መስኮቱን አየ፣ ወንዙን አየ፣ ጫኔን አየ። «እዚያ እኮ አደገኛ ነው!» አለ።

«አዎ፣ ጌታዬ» አለ ጫኔ።

በመጨረሻ ወንበሩ እዚያው ቀረ፣ ጠረጴዛውም ወረደ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ፋብሪካ ግራሶ ጎደለ ሲባል ተሰምቶ አያውቅም። የቆርቆሮውን ክዳን ጌታ አንበሳ ራሱ ይከፍታል፣ ሲቀባም ቆሞ ያያል፤ ማሽኑም በየሳምንቱ ግማሽ ቀን ቆሞ ይፈተሻል፤ ነብር ምን ይለኛል የሚባል ነገር ቀረ። በየማለዳውም ሁለት ሆነው ከኩሽኔታው ቤት ላይ ጆሮ ይለጥፋሉ፣ በግራ አህያ፣ በቀኝ አንበሳ። አዲስ ጨርቅ እንስቀል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ጌታ አንበሳ ቀዩን እጀታ ቀና ብሎ አየና «የት?» አለ።

ከዚህ የምንማረው፣ መዘውሩ ቢወርድ በራሱ ላይ የማይወርድበት ሹም የሚሰቅለው ጨርቅና የሚሞላው መዝገብ ለኩሽኔታ ቅባት እንደማይሆኑና፣ የማሽኑን ጤና ማወቅ የፈለገም ከሥሩ የሚቆመውን መስማት እንዳለበትና ጆሮውን መድፈን እንደሌለበት ነው።